በእርግዝና ጊዜ ከመቀመጫ ወደ እግር ለሚወርደው የነርቭ ህመም የቱ ይሻላል? ቀበቶ፣ ፊዚዮ፣ ወጌሻ፣ ኪኒን ወይስ እንቅስቃሴ

እርጉዝ ሆነሽ ከመቀመጫሽ ተነስቶ በጭንሽ ጀርባ አድርጎ ወደ ባትሽ የሚወርድ፣ አንዳንዴ እንደ ኤሌክትሪክ ንዝር የሚያደርግ ህመም ከያዘሽ ምክሩ ከየአቅጣጫው ነው የሚጎርፈው። አማትሽ ብርድ ነው ወገብሽን አሙቂ ትልሻለች፣ ጎረቤት አንድ ጎበዝ ወጌሻ አለ ትላለች፣ የሰፈር ፋርማሲው ዲክሎ (ዲክሎፍናክ የሚባለውን የህመም ማስታገሻ) ይሰጥሻል፣ ውጭ ያለችው እህትሽ ደግሞ የእርግዝና ቀበቶ ልላክልሽ ወይ ብላ ትጽፋለች። ሁሉም አስበውልሽ ነው። ግን እኩል አይሰሩም፣ አንዳንዱ ለጊዜው ብቻ ነው፣ አንዳንዱ ገንዘብ መጨረስ ነው፣ አንዱ ሁለቱ ደግሞ ሆድሽ ውስጥ ላለው ልጅ ጭራሽ አይሆንም። እኔ አዋላጅ ነርስ ነኝ፣ እርግዝና ክትትል ክፍል ውስጥ ይሄን ጥያቄ ሳልሰማ የምውልበት ቀን የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚ አማራጮቹን ጎን ለጎን አድርጌ የማስበውን ልንገርሽ። አንቺ እያልኩ ነው የምጽፈው ግን ባሎችም ብታነቡት ደስ ይለኛል፣ ከዚህ ውስጥ ግማሹ ስራ የናንተ ነውና።

መጀመሪያ ህመሙ የቱ ጋ እንደሚያቆም እዪ

ሳያቲክ የሚባለው ነርቭ ሰውነታችን ውስጥ ካሉት ነርቮች ትልቁ ነው፣ ከታችኛው ወገብና ከዳሌ ጀርባ ይነሳና በመቀመጫ ጡንቻ ስር አልፎ በጭን ጀርባ ይወርዳል፣ ቋንጃ አካባቢ ለሁለት ተከፍሎ እስከ እግር ጣት ይደርሳል። እና እውነተኛ የሳያቲክ ህመም ይሄንን መንገድ ይዞ ነው የሚሄደው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ነው፣ ከጉልበት በታች ይወርዳል፣ መውረር መደንዘዝ ማቃጠል አለው፣ ስታነጥሺ ወይ ስትስዪ ይብሳል።

ግን "ነርቭ ነው የያዘኝ" ብለው ከሚመጡት እናቶች ብዙዎቹ ህመሙ የቱ ጋ ነው ስላቸው እጃቸውን የሚያሳርፉት መቀመጫቸው ላይ፣ ከወገብ ቀበቶ ዝቅ ብሎ ከጀርባ በኩል ጎድጎድ ያለችዋ ቦታ ላይ ነው፣ ወደ ጭን ትንሽ ይወርድና ጉልበት ሳይደርስ ያቆማል። አልጋ ላይ ስትገላበጥ ያማታል፣ ደረጃ ስትወጣ ያማታል፣ ፓንት ለማጥለቅ በአንድ እግሯ ስትቆም ያማታል። ይሄ በብዛት የዳሌ መጋጠሚያ ህመም ነው። ከ5 እርጉዝ 1ዷን አካባቢ ይነካል፣ በጀርባ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ መሰል ዲስክ ተንሸራትቶ ነርቩን ሲጫን የሚመጣው እውነተኛ ሳያቲካ ግን በእርግዝና ጊዜ ብርቅ ነው፣ በህክምና ጽሁፎች የሚጠቀሰው ቁጥር ከ10 ሺህ እርጉዝ በ1ዷ አካባቢ ነው። በመሀል ደግሞ የመቀመጫ ጡንቻ ተጨማዶ ነርቩን ሲቆነጥጠው የሚመጣም አለ።

ለምን ይመጣል ካልሽ፣ ሪላክሲን የሚባል ሆርሞን የዳሌን ጅማቶች ለወሊድ ብሎ ያላላቸዋል፣ ሆድ ወደ ፊት ሲገፋ ወገብ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፣ ክብደቱም አለ፣ መካከለኛ ውፍረት የነበራት ሴት በእርግዝና ከ11 እስከ 16 ኪሎ መጨመሯ ኖርማል ነው። ብርድ ምክንያት አይደለም። ብርድ ጡንቻን ሊያኮማትርና ህመሙ እንዲሰማሽ ሊያደርግ ይችላል ግን ነርቩ ውስጥ የገባ ብርድ የሚባል ነገር የለም፣ ስለዚ "ብርዱን ለማውጣት" ተብሎ የሚደረግ ነገር ሁሉ ከጅምሩ ሌላ አቅጣጫ ነው።

ይሄን ያስረዘምኩት ምርጫው እዚህ ላይ ስለሚለያይ ነው። ጉልበት ሳይደርስ ለሚያቆም ህመም ቀበቶና አልጋ ላይ አገላበጥን ማስተካከል በጣም ይረዳል፣ ከጉልበት በታች ለሚወርድ ደግሞ ፊዚዮቴራፒ (ፊዚዮ የምንለው፣ ባለሙያ መርምሮ በአካል እንቅስቃሴ የሚያክምበት) እና እንቅስቃሴ ይበልጣል ቀበቶ ብዙም አይረዳም። ሌላም አንድ መለኪያ አለ ፊዚዮቴራፒስቶች የሚጠቀሙበት፣ ማንኛውንም ነገር ስትሞክሪ ህመሙ ከእግርሽ ወደ ላይ ወደ ወገብሽ እየተሰበሰበ ከመጣ፣ ወገብሽ ላይ ትንሽ ቢጨምር እንኳ፣ ጥሩ ምልክት ነው ቀጥዪ። ወደ ታች ወደ ባትና ወደ ጣት እየወረደ ከሄደ ግን ያ ነገር ለአንቺ አይደለም፣ ማንም ይምከርሽ ማንም አቁሚ።

ተኝቶ ማረፍ ወይስ መንቀሳቀስ

እናቶቻችን ተኚ እረፊ ይላሉ፣ ከፍቅር ነው። ህመሙ በጣም በበረታበት ቀን ጋደም ማለት ችግር የለውም፣ ግን ቀኑን ሙሉ ሳምንቱን ሙሉ መተኛት ጡንቻውን ያዳክመዋል መጋጠሚያውን ያደርቀዋል፣ በዚያ ላይ እርግዝና ራሱ ደም የመርጋት እድልን ስለሚጨምር ረጅም ጊዜ አለመንቀሳቀስ የራሱ አደጋ አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው የእርግዝና ክትትል መመሪያ የወገብና የዳሌ ህመምን ለመከላከል መደበኛ እንቅስቃሴን ይመክራል፣ ለህክምናው ደግሞ ፊዚዮቴራፒ፣ ቀበቶና አኩፓንቸር (በቀጫጭን መርፌ የሚሰጥ ህክምና) እንደ እናቲቱ ምርጫና እንዳለው አቅርቦት ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው፣ የህክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ድርጅት ግምገማም 34 ጥናቶችን አንድ ላይ አይቶ እንቅስቃሴ የእርጉዞችን የወገብ ህመም እንደሚቀንስ አግኝቷል፣ ማስረጃው በጣም ጠንካራ ባይባልም አቅጣጫው ግን ወደ መንቀሳቀስ ነው። ስለዚ በእኔ ሚዛን መንቀሳቀስ መተኛትን ይበልጣል፣ ግን አይነቱ ነው ጉዳዩ።

የእግር መንገድ ነጻ ነው፣ ሜዳ ላይ አጠር አጠር አድርገሽ፣ ጠዋት 10 ደቂቃ ማታ 10 ደቂቃ፣ ጠፍጣፋና ለስላሳ ጫማ አድርገሽ። አዲስ አበባ አቀበትና ቁልቁለቱ ብዙ ነው፣ የዳሌ መጋጠሚያ ህመም ካለሽ አቀበቱ ያባብሰዋል፣ ሜዳውን ምረጪ፣ እርምጃሽን አሳጥሪ። ዋና ወይም ውሃ ውስጥ መንቀሳቀስ ከሁሉም ይመረጣል ብዬ ነው የማምነው ምክንያቱም ውሃው ክብደትሽን ይሸከምልሻል፣ ግን እዚህ ሀገር ዋና ያለው በብዛት ሆቴል ውስጥ ስለሆነ ለሁሉም አይሆንም፣ ውጭ ያላችሁ ግን የማዘጋጃ ቤት ዋና ቦታዎች ስላላችሁ ተጠቀሙበት። የዳሌ መጋጠሚያ ህመም ያለባት እግርን እንደ እንቁራሪት የሚከፍተውን አይነት ዋና ትተወው።

ቤት ውስጥ የምመክራቸው ስትሬቾች ሁለት ናቸው። አንደኛው የመቀመጫ ጡንቻን የሚያፍታታው ነው፣ ጠንከር ያለ ወንበር ላይ ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ፣ የሚያምሽን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላኛው ጉልበትሽ ላይ አሳርፊው፣ ከዛ ጀርባሽን ሳታጎብጪ ደረትሽን ቀስ ብለሽ ወደ ፊት አምጪ፣ መቀመጫሽ ላይ መወጠር ሲሰማሽ እዛው ቁሚና 20 ወይ 30 ሰከንድ ተንፍሺ፣ ሁለት ሶስቴ ድገሚው፣ ሆድሽ እንዳይጨነቅ፣ እየነጠርሽ አትስቢው። ሁለተኛው በእጅና በጉልበት ተንበርክከሽ ጀርባሽን ቀስ ብለሽ ወደ ላይ ማጉበጥና መልሰሽ ቀጥ ማድረግ ነው፣ ወደ ታች አታስረጉጂው፣ 10 ጊዜ አካባቢ። ይሄኛው ሆዱን ከወገብ ላይ ስለሚያነሳው ብዙዎቹ ወዲያው ቀለል አለኝ ይላሉ። ከፊት ለፊት የዳሌ አጥንት መጋጠሚያ ላይ የሚያምሽ ከሆነ የመጀመሪያውን ተዪው፣ እግር መክፈት እዛ ላይ ይጎዳል።

ለጤነኛ እርጉዝ በሳምንት 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመከራል፣ ይሄ ግብ ነው እንጂ እያመመሽ ከዜሮ ተነስተሽ በመጀመሪያው ሳምንት የምትደርሺበት አይደለም። የደም መፍሰስ ያለባት፣ እንግዴ ልጁ የማህጸን በር ላይ ነው የተባለች፣ ያለጊዜው ምጥ ያሰጋታል የተባለች ደግሞ መጀመሪያ ሃኪሟን ትጠይቅ።

ምንም የማያስከፍለው፣ አተኛኘትና የቤት ስራ

እኔ አስቀድመሽ ሞክሪው የምለው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ቀን የተሻለውን ህመም ማታ አልጋው፣ ማታ የተሻለውን ደግሞ ቀን ሳፋው ይመልሰዋል።

አተኛኘት ላይ፣ በጎንሽ ተኚ፣ በማያምሽ ጎን ቢሆን በብዛት ይሻላል። በጉልበቶችሽ መሀል ትራስ አድርጊ ሲባል ሁሉም ያደርጋል ግን ትንሽ ትራስ ጉልበት ላይ ብቻ ያደርጉና እግራቸው ከጉልበት በታች ተንጠልጥሎ ይቀራል፣ ዳሌው ተጣመመ ማለት ነው። ትራሱ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት መድረስ አለበት፣ ረጅም ትራስ ከሌለሽ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ ጠቅልለሽ እሰሪው በጣም ይሰራል፣ ውድ የሆነውን የእርግዝና ትራስ ካልገዛሁ ብለሽ አትጨነቂ። ሌላ ቀጭን ነገር ሆድሽ ስር። ስትገላበጪ ጉልበቶችሽን ገጥመሽ ትከሻና ጉልበት አንድ ላይ ይዙሩ፣ መጀመሪያ ትከሻ ከዛ ዳሌ ከሆነ ያ ነው ንዝር የሚያደርግሽ። ስትነሺም በጎንሽ ሆነሽ እግሮችሽን ከአልጋ አውርደሽ በክንድሽ እየገፋሽ ነው። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ በጎን መተኛት ለልጁም ነው የሚመከረው፣ ግራም ቀኝም ይሆናል፣ ሌሊት ነቅተሽ በጀርባሽ ሆነሽ ብታገኚው አትደንግጪ ዝም ብለሽ ዙሪ።

የቤት ስራው ላይ፣ ሳፋውን ከመሬት አንስተሽ ወንበር ወይ ጠረጴዛ ላይ አድርጊው፣ ጎንበስ ብሎ ማጠብ ለዚህ ህመም ከቤት ስራ ሁሉ የከፋ ነው። እንጀራ የምትጋግሪው በኤሌክትሪክ ምጣድ ከሆነ ምጣዱ ወገብሽ ከፍታ ላይ ይሁን፣ አንድ እግርሽን ዝቅ ያለ ነገር ላይ እያፈራረቅሽ አሳርፊ፣ በእንጨት ከሆነ ቁጢጥ ብለሽ አንድ ሰዓት ሙሉ አትጨርሺው አቋርጠሽ ተነሺ ወይ ሰው ይተካሽ። ቡና ስታፈዪ በርጩማው ዝቅ ስለሚል ጉልበትሽ ከዳሌሽ በላይ ይሆናል፣ ያ መቀመጫ ላይ ያለውን ጡንቻ ይወጥረዋል፣ ከፍ ያለ ወንበር ላይ ሆነሽ ረከቦቱን አንድ ነገር ላይ ከፍ አድርጊው፣ ስርዓቱ አይጎድልም። አንድ ሙሉ ጀሪካን ውሃ 20 ኪሎ ነው፣ እሱን እርጉዝ አትሸከም፣ የግድ ከሆነ በ5 ሊትር በ5 ሊትር በሁለቱም እጅ አመጣጥነሽ፣ ይሄን ያልኩት ለባሎችም ነው። ሚኒባስ ስትሳፈሪ ከቻልሽ ጋቢና ለምኚ፣ መጀመሪያ መቀመጫሽን አስገብተሽ ከዛ ሁለቱን እግር አንድ ላይ አስገቢ። ቤተክርስቲያን ቅዳሴ ላይ ረጅም ሰዓት ከቆምሽ ተደገፊ ተቀመጪ፣ ስለ ስግደት የንስሐ አባትሽን አናግሪያቸው፣ ሙስሊም እህቴ ደግሞ የታመመ ሰው ተቀምጦ መስገድ እንደሚፈቀድለት ታውቂዋለሽ።

ተቀጥረሽ የምትሰሪ ከሆነና ስራሽ መቆም ወይ መሸከም ያለበት ከሆነ፣ የአሰሪና ሰራተኛ አዋጁ 1156/2011 ሃኪም እረፍት ካዘዘላት እርጉዝ ሰራተኛ ከክፍያ ጋር ፈቃድ እንድታገኝ ይላል፣ ብዙዎች ስለማያውቁት እያነከሱ ይሰራሉ። ወረቀቱን ከክትትል ቦታሽ ጠይቂ።

ፊዚዮቴራፒ፣ ወጌሻ፣ ማሳጅ

እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን። ወጌሻ የሚያውቀው ስራ አለው፣ ህዝባችን ለወለምታ ሲሄድበት የኖረ ነው፣ ለእርጉዝ የነርቭ ህመም ግን አይሆንም። በእርግዝና ጅማቶች ስለላሉ ወገብ ላይ በኃይል መጫን፣ ማጣመም፣ ቋ ማድረግ መጋጠሚያውን የባሰ ሊያናጋው ይችላል፣ ዲስክ ካለ ደግሞ ነርቩን ሊጎዳው ይችላል። ከዚህም የሚብሰው ሆድ ማሸት ነው፣ "ልጁ ነርቭ ላይ ተቀምጦብሽ ነው ላስተካክልልሽ" የሚሉ አሉ፣ እባክሽ አታስነኪ፣ እንግዴ ልጅ ያለጊዜው እንዲላቀቅና ደም እንዲፈስ ሊያደርግ ይችላል።

ቀለል ያለ ማሸት ሌላ ነው። እናትሽ ወይ ባልሽ በጎንሽ ተኝተሽ ወገብሽንና መቀመጫሽን በቅቤ ወይ በቅባት ቀስ አድርገው ቢያሹሽ ደስ ይላል ጡንቻውንም ያላላዋል፣ ለጥቂት ሰዓት ነው ግን ለጥቂት ሰዓትም እንቅልፍ ማግኘት ትልቅ ነገር ነው። ባትሽን ግን፣ በተለይ አንዱ እግር አብጦ ከሆነ፣ ማንም አይሽው፣ የረጋ ደም ሊኖር ይችላል። ስፓ የምትሄጂ ከሆነ እርጉዝ መሆንሽን ገና ሳትተኚ ተናገሪ፣ በሆድ የሚያስተኛ ወይ አጥብቆ የሚጫን ከሆነ ተነሽና ሂጂ።

ፊዚዮቴራፒ ከሶስቱ የተሻለ ነው፣ ምክንያቱም መጀመሪያ መርምሮ የቱ አይነት ህመም እንደሆነ ይለይልሻል፣ ከዛ ቤት የምትሰሪውን ያሳይሻል። ብዙ ሰው ፊዚዮ ማለት ሄደሽ ማሽን አስነክተሽ መምጣት ይመስለዋል፣ ዋናው ግን ቤት የምትሰሪው ነው፣ ስለዚ አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ ለመሄድ አቅም ካለሽም ይጠቅምሻል፣ "ቤት የምሰራውን አሳየኝና እዚሁ ልስራው አይተህ አርመኝ" በይው። ትልልቅ የመንግስት ሆስፒታሎች ላይ ክፍሉ አለ፣ ጥቁር አንበሳ አለ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎቹን የሚያሰለጥን ሲሆን እዛም ሆስፒታሉ ላይ አገልግሎቱ አለ። ክትትል የምታደርጊበት ጤና ጣቢያ ሪፈር እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። እንግሊዝ ያላችሁ ሚድዋይፋችሁን ጠይቁ ብዙ ቦታ ላይ ራሳችሁም መመዝገብ ትችላላችሁ፣ እስራኤል ያላችሁ በኩፓት ሆሊም በኩል ነው፣ አሜሪካ ደግሞ የእርግዝናና የዳሌ ፊዚዮ የሚሰሩ ለብቻቸው አሉ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ኢንሹራንሳችሁ ስንት ጊዜ እንደሚሸፍን ጠይቁ። አኩፓንቸር ውጭ ላላችሁ ከእርጉዝ ጋር መስራት የሚያውቅ ፈቃድ ያለው ሰው ካገኛችሁ መጥፎ አማራጭ አይደለም፣ በተለይ ለዳሌ ህመም ጥናቶቹ ጥሩ ነው የሚሉት። እዚህ ሀገር ላላችሁ ግን ብቁ ሰው ፍለጋ ከምትደክሙ ፊዚዮው ይቅደም።

ቀበቶ ወይስ መቀነት

ሁለቱም ሊሰሩ ይችላሉ፣ ልዩነቱ የሚታሰርበት ቦታ ላይ ነው። የእርግዝና ቀበቶ ሁለት አይነት አለው፣ ሰፋ ያለውና ሆድን ከስር የሚያነሳው፣ እና ጠበብ ያለው ዳሌን ዙሪያውን የሚይዘው። ህመምሽ የዳሌ መጋጠሚያ ከሆነ ጠባቡ ነው የሚረዳሽ። ሆድሽ ከብዶ ወገብሽን የሚጎትትሽ ከሆነ ሰፊው። እውነተኛ ሳያቲክ ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ብዙ አትጠብቂ፣ ገንዘቡን ለፊዚዮ አውዪው።

መቀነት ወይ ነጠላ ለምን አይሆንም? ይሆናል። ነጠላውን በቁመቱ እጠፊው አንድ ስንዝር ስፋት እስኪኖረው፣ ከጀርባ መቀመጫሽ በሚጀምርበት ላይ አሳልፈሽ ከፊት ከሆድሽ ስር፣ ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች በእጅሽ ከሚዳሰሱበት ዝቅ ብሎ እሰሪው። ሁለት ጣት ስሩ መግባት አለበት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንደ ልማዱ ወገብ ላይ ሆድ ላይ አጥብቆ ማሰሩ ነው፣ ያ ሆድን ይጫናል ቃር ያመጣል ለዳሌው ግን ምንም አይሰራም። በነጠላው አስረሽ 10 ደቂቃ ቤት ውስጥ ተራመጂ፣ ቀለል ካለሽ ያኔ ቀበቶ መግዛት ዋጋ አለው ማለት ነው፣ ካልቀለለሽ እህትሽ ገንዘቧን አታውጣ። ስትንቀሳቀሺ ብቻ ነው የሚታሰረው፣ ስትተኚ ይፈታል፣ ቀኑን ሙሉ ከዋለ ጡንቻው ስራውን ይረሳል።

ሙቀትና ቅዝቃዜ

ሙቅ ውሃ የያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ በፎጣ ጠቅልለሽ መቀመጫሽ ወይ ወገብሽ ላይ 15 ደቂቃ ማድረግ ችግር የለውም፣ ሆድሽ ላይ አታድርጊው። አዲስ የመጣና የሚያቃጥል ህመም ከሆነ አንዳንዷ ቅዝቃዜው ይሻላታል፣ በረዶውን በጨርቅ ጠቅልለሽ 10 ደቂቃ። የሚያቀልልሽን ምረጪ። የደነዘዘ ቦታ ላይ ግን ሁለቱንም ተጠንቀቂ ቃጠሎው ላይሰማሽ ይችላል።

የማይሆነው መላ ሰውነትን የሚያሞቀው ነው፣ ፍልውሃ ሙቅ ገንዳ ውስጥ መዘፍዘፍ፣ ሳውና፣ ስቲም፣ የወይባ ጢስ። ወይባ ለብዙዎቻችን የተከበረ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ አካባቢ በላይ መውጣት በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት የልጁን የአንጎልና የህብለ ሰረሰር አፈጣጠር ሊጎዳ ይችላል፣ በኋላም ራስ ያዞራል ይጥላል። ከወለድሽ በኋላ ይደርሳል።

መድሃኒት ላይ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው

ፓራሲታሞል በእርግዝና ጊዜ ለህመም የመጀመሪያ ምርጫ ነው። ባለ 500 ሚሊግራሙ አንድ ወይ ሁለት ፍሬ፣ በመሀሉ ቢያንስ 6 ሰዓት ጠብቀሽ፣ በቀን ቢበዛ 4 ግራም ማለትም 8 ፍሬ፣ ቀጭን ከሆንሽ ወይ የጉበት ችግር ካለብሽ ከዛም ያነሰ፣ እና የጉንፋን መድሃኒት ውስጥም ስላለ እንዳትደርቢው። እ.ኤ.አ. መስከረም 2025 አሜሪካ ውስጥ የመንግስት ባለስልጣናት ፓራሲታሞልን ከኦቲዝም ጋር አያይዘው ከተናገሩ በኋላ ብዙ እናቶች ፈርተው ጠይቀውኛል፣ የዓለም ጤና ድርጅት በዛው ወር ይሄን የሚያረጋግጥ ማስረጃ የለም ብሎ መግለጫ አውጥቷል። መርሁ እንደነበረው ነው፣ ሲያስፈልግ፣ በትንሹ መጠን፣ ለአጭር ጊዜ። እውነቱን ለመናገር ለነርቭ ህመም ፓራሲታሞል ብዙ ጉልበት የለውም፣ ግን ለመተኛት ወይ ስትሬቹን ለመስራት የሚያስችልሽ ከሆነ በቂ ነው።

ዲክሎፍናክና አይቡፕሮፌን አይሆኑም። ፋርማሲ ያለ ማዘዣ ስለሚያገኙት ቀላል ይመስላል፣ መርፌው ደግሞ ቶሎ ስለሚያስታግስ ይወደዳል። ግን የአሜሪካው የመድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ እ.ኤ.አ. በ2020 ከ20ኛው ሳምንት ጀምሮ እንዳይወሰዱ ያስጠነቀቀው የልጁን ኩላሊት ጎድተው የሽርት ውሃውን ሊያሳንሱ ስለሚችሉ ነው፣ ከ30ኛው ሳምንት በኋላ ደግሞ የልጁ ልብ አጠገብ ያለ እስከ ውልደት ክፍት መሆን ያለበትን የደም ስር ቀድመው ሊዘጉት ይችላሉ። ከ20ኛው ሳምንት በፊትም ሃኪም ሳያውቅ አይወሰዱም። ፋርማሲ ስትገቢ ሆድሽ ገና ካልታየ መጀመሪያ "እርጉዝ ነኝ" በዪ፣ ይቺ አንድ ቃል ብዙ ታድናለች። ለደም ግፊት መከላከያ ሃኪም ያዘዘልሽ ትንሿ አስፕሪን ካለች ግን እሷ ሌላ ናት፣ ይሄን አንብበሽ እንዳታቆሚያት።

የቢ ቫይታሚን መርፌ፣ የነርቭ መርፌ የሚሉት፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። የቫይታሚን እጥረት ላለባት ይጠቅማል፣ የተጫነ ነርቭን ግን ጫናውን አያነሳውም፣ ስለዚ ከሁሉም በፊት ገንዘብሽን እዛ ላይ አታውጪ። ትራማዶል፣ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የመሳሰሉትን በጓደኛ ምክር በፍጹም። የሚያቃጥሉ ቅባቶችም ብዙዎቹ የአስፕሪን ዘመድ የሆነ ነገር ስላላቸው ሰፊ ቦታ ላይ ደጋግመሽ አትቀቢ፣ ዲክሎ ጄልም እንደ ኪኒኑ ነው የሚታየው። ጤና አዳም ተቀቅሎ፣ ፌጦ በብዛት ተወቅጦ የሚጠጣው ደግሞ ማህጸን ያኮማትራል ተብሎ በልማድም የሚታወቅ ነው፣ እናቶቻችን ራሳቸው ለእርጉዝ አይሰጡም ነበር።

ታዲያ የቱን ልምረጥ

ህመምሽ ጉልበት ሳይደርስ የሚያቆም ከሆነ አተኛኘቱንና የቤት ስራውን ዛሬውኑ አስተካክዪ፣ በነጠላው ሞክሪ፣ እግር መንገድ ጀምሪ፣ ሁለት ሳምንት ስጪው። ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ እነዚህንም እያደረግሽ ግን ሁለት ሳምንት አትጠብቂ ለፊዚዮ ሪፈር አሁኑኑ ጠይቂ፣ ማታ ካላስተኛሽ ፓራሲታሞል። ሩቅ ገጠር ያለሽና ፊዚዮ የሌለሽ ከሆነ ስትሬቾቹና ውሃ የሚቀዳልሽ ሰው ማግኘት ከማንኛውም መርፌ ይበልጥልሻል፣ ጤና ኤክስቴንሽኗን ለቤተሰብሽ እንድታስረዳልሽ ንገሪያት፣ አንቺ ስትዪው ስንፍና የሚመስላቸው እሷ ስትለው ይሰማሉ። ቀኑን ሙሉ መኪና የምትነጂ ውጭ ያለሽ እህቴ ደግሞ ቀበቶ ከመግዛትሽ በፊት በየ45 ደቂቃው ወርደሽ ትንሽ ተራመጂ፣ ወንበሩንም ወደ ፊት አቅርቢው እግርሽ ፔዳል ፍለጋ እንዳይዘረጋ።

ምርጫ የማያስፈልግበት፣ ቀጥታ ሆስፒታል የሚኬድበት ደግሞ አለ። በሁለቱ እግሮችሽ መሀል ኮርቻ የሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት ከቋጠረብሽ ወይ ካመለጠሽ፣ ሰገራ መቆጣጠር ካቃተሽ፣ ሁለቱም እግር ከዛለ ወይ ስትራመጂ የእግርሽ ጫፍ መሬት እየጎተተ ከሆነ በዛው ሰዓት ሂጂ፣ ነርቮቹ በሰዓታት ውስጥ ሊጎዱ ይችላሉ። አንድ ባት ብቻ አብጦ ሞቆ ከቀላ፣ በእርጉዝ ላይ በብዛት የግራው ነው፣ የረጋ ደም ሊሆን ይችላል፣ ትንፋሽ ካጠረሽ ወይ ደረትሽን ከወጋሽ ደግሞ አንድም ደቂቃ አትጠብቂ። ትኩሳትና ጎን ላይ የሚወጋ ህመም የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከ37 ሳምንት በፊት የወገብ ህመሙ እየመጣ እየሄደ ከሆነ ምጥ ሊሆን ስለሚችል ነርቭ ነው ብለሽ አትተኚበት፣ ደም ወይ ውሃ ከፈሰሰም እንደዛው። ምርመራ ካስፈለገ ኤምአርአይ ያለ መድሃኒት መርፌ በእርግዝና ይሰራል፣ ከታዘዘልሽ አትፍሪው።

ለወሊድ ስትገቢ ደግሞ የቱ እግርሽ እንደሚያምሽና ሳያምሽ እስከየት እንደምትከፍቺው ለአዋላጇ ገና ምጡ ሳይበረታ ንገሪያት፣ በጎን ተኝተሽ ወይ ተንበርክከሽ መውለድ ይቻላል፣ በጀርባ ብቻ የሚል ህግ የለም። ወገብ ላይ የሚሰጥ ማደንዘዣ ከወሰድሽ ህመሙ ስለማይሰማሽ ጭንሽን አላግባብ እንዳይለጥጡት አብራሽ ያለችውም ሰው ትወቀው። ከወለዱ በኋላ በአብዛኞቹ ላይ ህመሙ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል፣ አራስ ቤት ስትሆኚም ያው ትራሱን ከጉልበትሽ መሀል አታውጪው፣ ስታጠቢ ልጁን ወደ ጡትሽ አምጪው እንጂ አንቺ ወደ ልጁ አትጎንበሺ፣ ከ3 ወር በኋላም አሁንም ከጉልበት በታች የሚወርድ ከሆነ ለልጁ ክትባት ስትመጪ ያንኑ ቀን ራስሽንም አስመርምሪ።